የስኳር ሕመምተኛው ገበሬ የደም ግፊቱም ይለካ

የአንድ ገበሬ ማኅበር ሀብት መሬቱ፣ ከብቱና የቡና ተክሉ ብቻ አይደለም። ከሁሉም በፊት ሀብቱ ሰው ነው። ይኸውም መሬቱን የሚያርሰው፣ ቡናውን የሚለቅመው፣ ቤተሰቡን የሚያስተዳድረው አምራች ነው። ስለሆነም የገበሬውን ጤና መጠበቅ ከልማቱ ተነጥሎ የሚታይ ጉዳይ ሳይሆን ራሱ የልማት ሥራ ነው። የኢሉባቦር ገበሬዎች ወባን ለመከላከል፣ ምንጭ ለማጎልበት፣ መጸዳጃ ለመቆፈርና ሕፃናትን ለማስከተብ በየቀበሌያቸው ተባብረው ሲሠሩ ቆይተዋል። ዛሬ ግን እንደ ወባ በትኩሳት የማይታወቅ፣ እንደ ተቅማጥ ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፣ ድምፁን ሳያሰማ ገብቶ አምራቹን በሥራው ላይ የሚጥል ሌላ ጠላት ከፊቱ ተደቅኗል። ይህም የስኳር በሽታና የደም ግፊት በአንድ ሰው ላይ ሲደራረቡ በልብ፣ በአንጎልና በኩላሊት ላይ የሚያስከትሉት ጉዳት ነው።

የስኳር በሽታ በተለምዶ የከተማና የባለጸጋ ሰው በሽታ ተደርጎ ይቆጠር ነበር። ይህ አመለካከት ትክክል አለመሆኑን በመቱ ካርል ሆስፒታል ለክትትል የሚመጣው ሕመምተኛ ራሱ ይመሰክራል። በቀጠሮው ቀን ወረፋ ከሚጠብቁት መካከል የመቱ፣ የጎሬና የቡሬ ነጋዴዎችና የመንግሥት ሠራተኞች ብቻ ሳይሆኑ፣ ከሁሩሙ፣ ከያዮ፣ ከዲዱ፣ ከዳሪሙና ከአልጌ ሳቺ የሚነሡ አራሾችና ቡና ለቃሚዎችም ይገኛሉ። ከመቱ ወደ ምሥራቅ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ የምትገኘውና ዛሬ በቡኖ በደሌ ዞን ሥር ያለችው በደሌም ከዚህ ችግር ነጻ አይደለችም።

የስኳር በሽታ ሁለት ዋና ዋና ዓይነቶች አሉት። የመጀመሪያው ዓይነት አብዛኛውን ጊዜ በልጅነትና በወጣትነት ዕድሜ የሚጀምር ሲሆን፣ ሰውነት ኢንሱሊን የተባለውን ቅመም ማመንጨት ስለሚያቆም ያለ ኢንሱሊን መርፌ መኖር አይቻልም። ሁለተኛው ዓይነት ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ከገፋ በኋላ ቀስ ብሎ የሚመጣ ነው። በዚህኛው ኢንሱሊን ጨርሶ ባይጠፋም ሰውነት በሚገባ ሊጠቀምበት አይችልም። ውሃ ቶሎ ቶሎ ማስጠማት፣ ሽንት ማብዛት፣ ድካምና የዓይን ብዥታ ምልክቶቹ ቢሆኑም፣ ብዙ ሰዎች ለዓመታት ሳያውቁት ይዘውት ይኖራሉ። የዚህ ርዕሰ አንቀጽ ትኩረትም ይኸው ሁለተኛው ዓይነት ነው።

የስኳር ሕመምተኛው ጭንቀት ሁልጊዜ የስኳሩ መጠን ነው። «ስኳሬ ስንት ሆነ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ካገኘውም ተደስቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ይሁን እንጂ በሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ የተያዙ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚሞቱት በቀጥታ በስኳሩ ሳይሆን በልብና በደም ሥር በሽታ መሆኑን የሕክምና ሳይንስ ካረጋገጠ ቆይቷል። የስኳር በሽታ ያለበት ሰው ከሌለበት ሰው ይልቅ በልብ ሕመምና በአንጎል ውስጥ በሚደርስ የደም መርጋት ወይም መፍሰስ የመጠቃት ዕድሉ ሁለት እጥፍና ከዚያም በላይ ነው። የደም ግፊት ሲጨመርበት ደግሞ አደጋው እንደገና ያይላል። ስኳሩን ብቻ እየለካ ግፊቱን የማያስለካ ሕመምተኛ የፊቱን በር ዘግቶ የጓሮውን በር ክፍት እንደተወ ሰው ነው።

ሁለቱ በሽታዎች እንዴት እንደሚተጋገዙ መረዳት ለገበሬው አስቸጋሪ አይሆንም። በደም ውስጥ የበዛ ስኳር የደም ሥሮችን የውስጥ ገጽ ያቆስላል። በቆሰለው ገጽ ላይ ስብ እየተለጠፈ፣ ደለል እንደገባበት የመስኖ ቦይ ሥሩን ያጠበዋል፤ ሥሩም ለስላሳነቱን አጥቶ ይደርቃል። በዚህ በጠበበና በደረቀ መስመር ደም ለማሳለፍ ልብ ከዐቅሟ በላይ ትገፋለች። ግፊቱ በበኩሉ ቀድሞ የተጎዳውን የደም ሥር ይበልጥ ይጎዳዋል። ደምን የምታጣራው ኩላሊትም በስኳሩና በግፊቱ ስትጎዳ ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ ስለሚጠራቀም ግፊቱ መልሶ ይጨምራል። አንዱ ሌላውን እየወለደ የሚዞር አዙሪት ይሆናል ማለት ነው። የዚህ አዙሪት መጨረሻ ልብ በድንገት ደም አጥታ መቆም፣ የልብ ድካም፣ የግማሽ አካል ሽባነት፣ የኩላሊት ከሥራ ውጭ መሆን፣ የዓይን ብርሃን ማጣት ወይም የእግር መቆረጥ ነው።

ከሁሉ የከፋው የደም ግፊት የራሱ ምልክት የሌለው መሆኑ ነው። «ራሴን ስለማያመኝ ግፊት የለብኝም» የሚለው አነጋገር በየመንደሩ ይሰማል፤ ነገር ግን ከባድ ግፊት ያለበት ሰው ራሱን ሳያመው፣ ሳያዞረው፣ እርሻውን እያረሰ ሊቆይ ይችላል። ግፊትን ማወቂያው መንገድ አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም መለካት ነው። የስኳር ሕመምተኛው ደግሞ ተጨማሪ ችግር አለበት። በሽታው ነርቮችን ስለሚያደነዝዝ፣ ሌላውን ሰው ደረቱን ይዞ የሚያስጮኸው የልብ ሕመም ለእርሱ ያለ ሥቃይ ሊመጣበት ይችላል። ድንገተኛ የትንፋሽ ማጠር፣ የሚያጠምቅ ላብ፣ ያለ ምክንያት የሚመጣ ከባድ ድካም ወይም ማስመለስ ብቻ ይታይበታል። ቤተሰቡም ድካም ወይም ብርድ ነው ብሎ ያስተኛዋል። «ሳይታመም ሞተ» ከሚባልላቸው ሰዎች አንዳንዶቹ በእርግጥ ታመው የነበሩ፣ ነገር ግን ሕመማቸው ያልታወቀላቸው ናቸው።

በአንጎል ላይ የሚደርሰውም ጉዳት እንዲሁ በስሕተት ይተረጎማል። የአንድ ሰው አፍ በድንገት ሲጣመም፣ ክንዱ ሲዝል ወይም አንደበቱ ሲተሳሰር «ምች መታው» ተብሎ ዳማ ከሴ ይጨመቅለታል፣ ይታጠንለታል፤ ውድ የሆኑት የመጀመሪያዎቹ ሰዓታትም በዚሁ ያልፋሉ። እነዚህ ሦስት ምልክቶች፣ ማለትም የፊት መጣመም፣ የክንድ መዛልና የንግግር መተሳሰር፣ ከታዩ አንዱም ቢሆን በቂ ነው። ሕመምተኛው ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መወሰድ አለበት። መዋጥ ሊያቅተውና ሊታነቅ ስለሚችል በአፉ ምግብም ሆነ መጠጥ፣ መድኃኒትም ሆነ ቅጠል መስጠት አይገባም።

የግፊቱ ችግር የጥቂት ሰዎች ብቻ አይደለም። የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት በ2007 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ ባካሄደው ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 69 ዓመት ከሆናቸው ሰዎች መካከል ከመቶው 16 ያህሉ የደም ግፊታቸው ከፍ ያለ ሆኖ ተገኝቷል። ከእነዚህም አብዛኞቹ ሕክምና የማያገኙ ነበሩ። ያው ጥናት የአንድ ሰው የቀን የጨው ፍጆታ በአማካይ ከ8 ግራም በላይ መሆኑንም አሳይቷል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ግን ከ5 ግራም እንዳይበልጥ፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ እንዳያልፍ ነው።

ይህ የጨው ጉዳይ በኢሉባቦር ተለይቶ ሊታይ ይገባዋል። በከተማ ቡና በስኳር ሲጠጣ፣ በገጠሩ ብዙ ቤተሰብ ዘንድ ቡና የሚጠጣው በጨው ነው። ቡናው በቀን ሦስት ጊዜ ቢፈላ፣ በየጊዜውም አቦል፣ ቶናና በረካ ቢጠጣ ዘጠኝ ስኒ ይሆናል። በእያንዳንዱ ስኒ አንድ አራተኛ ግራም ጨው ብቻ ቢገባ እንኳ፣ ድምሩ ከ2 ግራም ያልፋል። ሕመምተኛው ወጥ ሳይቀምስ ለቀኑ ከተመከረለት ጨው ግማሽ ያህሉን በቡና ብቻ ጠጥቷል ማለት ነው። በቆሎና ማሽላ ለቅመው ሲመለሱ የሚቀርበው የበርበሬ ድልህና የወጡ ጨው ገና አልተቆጠረም።

የቡና አገር የሆነውን ሕዝብ ቡና አትጠጣ ማለት ተቀባይነት የሌለው ምክር ነው፤ አስፈላጊም አይደለም። የሚያስፈልገው የሕመምተኛው ስኒ ጨው ከመግባቱ በፊት ለብቻው እንዲቀዳ ማድረግ ነው። ጨውን በስኳር መተካት ደግሞ የስኳር ሕመምተኛውን ከድጡ ወደ ማጡ መክተት ይሆናል። ጣዕም ለመስጠት ጫካው የሚያበቅለው ኮረሪማና የጓሮው ጤና አዳም ይበቃሉ። እንዲሁም የኢሉባቦር ማር ንጹሕና የተፈጥሮ ስለሆነ ለስኳር ሕመምተኛ አይጎዳም የሚለው አስተሳሰብ መታረም አለበት። ማር በደም ውስጥ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፤ ከማር የሚጣለው ጠጅም ከዚህ የተለየ አይደለም። ትንባሆ በሲጋራም ሆነ በጋያ ሲጨስ የደም ሥርን ያጠባል። ጫትም የልብን ምትና የደምን ግፊት ከፍ ያደርጋል። በየከተማው ሱቅ የተለመደው የሚረጋ የፓልም ዘይትም ሊቀነስ የሚገባው ነው።

ግፊትን መቆጣጠር ምን ያህል ሕይወት እንደሚያተርፍ በተጨባጭ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 በእንግሊዝ አገር የተጀመረና ውጤቱ በ1998 የተገለጸ ታላቅ ጥናት፣ የስኳርም የግፊትም በሽታ ያለባቸውን 1,148 ሕመምተኞች በሁለት ከፍሎ ተከታትሎ ነበር። የአንደኛው ወገን ግፊት በአማካይ ወደ 144 በ82፣ የሌላው ወደ 154 በ87 ነበር። በላይኛው ቁጥር ቢታይ ልዩነቱ 10 ነጥብ ብቻ ነው። ሆኖም ግፊታቸው ይበልጥ በተገታላቸው ሰዎች ላይ የአንጎል ደም ሥር አደጋ በ44 በመቶ፣ ከስኳር በሽታ ጋር የተያያዘ ሞት በ32 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። አሥር ነጥብ ይህን ያህል ሕይወት ማዳኑ የመለኪያውን ዋጋ ያስረዳል።

ከዚህ ጥናት ሌላም ትምህርት ይገኛል። ጥናቱ ካለቀ በኋላ ሐኪሞች ሰዎቹን ለ10 ዓመት ያህል መከታተላቸውን ቀጠሉ። በሁለት ዓመት ውስጥ በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው የግፊት ልዩነት ጠፋ፤ ቀደም ሲል የተገኘው ጥቅምም ከዚያ በኋላ እየከሰመ ሄደ። የዚህ ትርጉም ግልጽ ነው። የግፊት መድኃኒት የሚጠቅመው በሚወሰድበት ጊዜ ብቻ ነው። ትናንት የተዋጠ እንክብል የነገውን ግፊት አይመልስም። እንደ አረም ነው፤ ዘንድሮ ታረመ ተብሎ ለከርሞ አይተውም።

በኢሉባቦር ትልቁ ችግር የሚገኘውም እዚህ ላይ ነው። መድኃኒት የጀመረው ገበሬ መድኃኒቱን ያቋርጣል። የሚያቋርጠውም በስንፍና ሳይሆን በታወቁ ምክንያቶች ነው። አንደኛው ክረምቱ ነው። ጎሬና አካባቢዋ በአገሪቱ ከፍተኛ ዝናብ ከሚያገኙት ሥፍራዎች መካከል የሚቆጠሩ ናቸው፤ ዝናቡም ከበልግ ጀምሮ እስከ መስከረም መጨረሻና ከዚያም በኋላ ይዘልቃል። መንገዱ ይጨቀያል፣ ወንዞች ይሞላሉ፣ ወደ ጤና ጣቢያና ወደ መቱ የሚደረገው ጉዞ ይከብዳል። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። የቡና ገበሬ እጁ ላይ ገንዘብ የሚገኘው ከለቀማ በኋላ ሲሆን፣ በሐምሌና በነሐሴ ግን ቤቱ ባዶ ይሆናል። ሦስተኛው ራሱ ለቀማው ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ቡናው ሲቀላ አንድ ቀን ማጣት ፍሬው መሬት ላይ እንዲረግፍ መፍቀድ ስለሚሆን፣ ገበሬው ቀጠሮውን ያሳልፋል። አራተኛው ደህና ነኝ የሚል ስሜት ነው። መድኃኒቱ ግፊቱን ስላወረደለት «ድኛለሁ» ብሎ ይተወዋል። «መድኃኒት ከተለመደ አይለቅም» የሚለው ፍርሃትም ይጨመርበታል።

እነዚህን ምክንያቶች ሐኪሙ ብቻውን ሊያስወግዳቸው አይችልም። ሐኪሙ መድኃኒት ያዛል እንጂ የለቀማውን ጉልበት አያሟላም፤ ድልድይ አያበጅም፤ የባዶ ቤት ወራትን አያሻግርም። እነዚህ የማኅበር ሥራዎች ናቸው። የገበሬ ማኅበር መሪዎች በዚህ ጉዳይ ድርሻ አላቸው የሚባለውም በዚህ ምክንያት ነው። ስሙ ቀበሌ ተባለም የኅብረት ሥራ ማኅበር፣ ገበሬው የሚሰማውና የሚከተለው መሪ የጎረቤቱን ጓዳ ያውቃል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን ቀጠሮ እንደቀረ፣ ማን መድኃኒት እንደጨረሰ ከማንም በፊት ይሰማል።

ሊሠራ እንደሚችል የሚያስረዳ ምሳሌም በአገራችን አለ። በጎንደርና በጅማ የሚገኙት የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች በገጠር ጤና ጣቢያዎች ያሉ ነርሶችን አሠልጥነው፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የልብና የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሰዎች በአቅራቢያቸው ክትትል እንዲያገኙ አድርገዋል። ሐኪሞች በየጊዜው ጤና ጣቢያዎቹን እየጎበኙ የከበደውን ይመለከታሉ፤ የዘወትሩን ሥራ ነርሶች ያከናውናሉ። ለአንድ ወር መድኃኒት ብሎ ረጅም መንገድ ይጓዝ የነበረው ገበሬ መድኃኒቱን በሰፈሩ አቅራቢያ አገኘ። ይህ አሠራር በ1999 ዓ.ም. በአንድ የውጭ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቶ ለሌሎች አገሮችም ምሳሌ ሊሆን እንደሚችል ተመልክቷል። ጅማ ለኢሉባቦር ጎረቤት ናት፤ እዚያ የተቻለው በመቱና በጎሬ ዙሪያ የማይቻልበት ምክንያት አይኖርም።

እንግዲህ የማኅበር መሪዎች ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

በመጀመሪያ ራሳቸው ይለኩ። ብዙዎቹ መሪዎች ዕድሜያቸው ከ40 ዓመት ያለፈ፣ በስብሰባና በጉዳይ የሚደክሙ ናቸው። መሪው ክንዱን አውጥቶ በሕዝብ ፊት ሲለካ ያየ ገበሬ ከአሥር ንግግር ይልቅ ይማራል። ውጤቱ ሁለት ቁጥሮች ናቸው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 የደረሰ፣ ወይም ያለፈ፣ ግፊት አለበት ይባላል። የስኳር በሽታ ላለበት ሰው ግን ሐኪሞች ብዙውን ጊዜ ከ130 በ80 በታች እንዲሆን ይፈልጋሉ። ልኩ ትክክል እንዲሆን ሰውየው አምስት ደቂቃ ያህል ተቀምጦ ይረፍ፤ ከመለካቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓት ቡና አይጠጣ፣ አያጭስ፤ ክንዱም በልቡ ትክክል ይደገፍ።

ሁለተኛ፣ መለኪያው ወደ ገበሬው ይምጣ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተቋቁሟል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም የመንደሩ ልጆች ያህል ሆነዋል። መለኪያ የሌለው ጤና ኬላ ቢኖር፣ ቡናውን በጋራ የሚሸጥ ማኅበር ከዓመቱ ትርፍ ላይ አንድ መለኪያ መግዛት አያቅተውም። ሠራተኛዋ በገበያ ቀን፣ በስብሰባ ቀንና ቡና በሚረከብበት ሥፍራ ብትገኝ፣ ለሕክምና ብሎ ከቤቱ የማይወጣው ሰው ሳይቀር ይለካል። የሕመምተኞቹ መዝገብ ግን በእርሷ እጅ ብቻ ይቆይ። የሰው ሕመም በስብሰባ ላይ የሚነበብ ጉዳይ አይደለም፤ ከተነበበ ሰዉ ይሸሻል።

ሦስተኛ፣ የክረምቱ መድኃኒት በበጋ ይታሰብበት። ገበሬ ዘሩንና ማዳበሪያውን አስቀድሞ እንደሚያዘጋጅ ሁሉ፣ ሁኔታው የተረጋጋ ሕመምተኛ ወንዝ ከመሙላቱ በፊት የሁለትና የሦስት ወር መድኃኒት ይዞ እንዲገባ መሪዎቹ ከጤና ጣቢያው ጋር መነጋገር ይችላሉ። የወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤቶችም በበኩላቸው እንደ ሜትፎርሚን፣ ኤናላፕሪልና አምሎዲፒን የመሳሰሉት የታወቁና ውድ ያልሆኑ መድኃኒቶች ከጤና ጣቢያ መደርደሪያ እንዳይጠፉ የማድረግ ኃላፊነት አለባቸው። ገበሬው ጨቅይቶ፣ ወንዝ ተሻግሮ ከደረሰ በኋላ «መድኃኒቱ አልቋል» ከተባለ በሚቀጥለው ወር ላይመጣ ይችላል። ጥፋቱም የእርሱ አይሆንም።

አራተኛ፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን በጥሞና ይታይ። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ለሙከራ የተጀመረው ይህ አሠራር ከዚያ ወዲህ ወደ ብዙ ወረዳዎች ተስፋፍቷል። እንደ ወባ አንዴ ታክሞ ለሚያልፍ በሽታ መድኅን ይጠቅማል፤ ዕድሜ ልክ መድኃኒት ለሚያስፈልገው ግን ከምንም በላይ ይጠቅማል። የቡናው ገንዘብ እጅ ላይ ባለበት ጊዜ መዋጮው ከተከፈለ፣ በነሐሴ ባዶ ቤት ያለው ገበሬ ሕክምናውን አያጣም። የመሪዎቹ ድርሻ ጊዜውን ማስታወስና ደሃ ደሃው በትክክል ተለይቶ እንዲታገዝ ማድረግ ነው።

አምስተኛ፣ የለቀማ ጊዜ ቀጠሮ በደቦ ይሸፈን። የታመመ ሰው እርሻ በደቦና በዳዶ ሲታረስ የቆየው ከጥንት ነው። ይኸው ልማድ ለቀጠሮ ቀንም ሊውል ይችላል። አንድ ሰው ለሕክምና ሲሄድ ጎረቤቶቹ ለአንድ ቀን ቡናውን ቢለቅሙለት ለማኅበሩ የሚያስቸግር አይሆንም። ለድንገተኛ አደጋም ምጥ የያዛትን እናት የሚሸከመው ቃሬዛ፣ ክንዱ የዛለበትንና ትንፋሽ ያጠረውንም ሰው ይሸከም። ማን እንደሚሸከም፣ ማን አምቡላንስ እንደሚጠራ አስቀድሞ የተወሰነ ይሁን።

ስለ መድኃኒቶቹም ሁለት ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር መድኃኒት ውጦ ምግብ አለመብላት ስኳሩን ከመጠን በታች አውርዶ ራስን እስከ መሳት ያደርሳል። ስለሆነም በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን መጾም የሚፈልግ ሕመምተኛ አስቀድሞ ጤና ባለሙያውን ያማክር፤ የሃይማኖት አባቶችም ሕመምተኛው ሐሳቡን ሲያካፍላቸው ይርዱት። ኤናላፕሪልን የመሳሰሉት የግፊት መድኃኒቶች ደግሞ ለነፍሰ ጡር ሴት አይሰጡም፤ ስለዚህ የጎረቤትን እንክብል መዋዋስ ፈጽሞ አይገባም። ሽፈራው፣ አብሽ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጥቁር አዝሙድ በምግብነታቸው ቢወደዱም፣ እነርሱን ተማምኖ የታዘዘ መድኃኒት ማቋረጥ ብዙ ሰው የከፈለበት ስሕተት ነው።

የአንድ አባወራ ወይም የአንዲት እማወራ ግማሽ አካል ሲደርቅ ጉዳቱ በአልጋ ላይ በተኛው ሰው ብቻ አያበቃም። አንድ ልጅ ትምህርት አቋርጦ እርሻ ይገባል፤ አንዲት ሴት ልጅ አስታማሚ ሆና ትቀራለች፤ በሬው ለመታከሚያ ይሸጣል፤ የቡናው ማሳ ሳይመነጠር ጫካ ይሆናል። ማኅበሩም አንድ አምራች አጥቶ አንድ ችግረኛ ቤተሰብ ይጨምራል። ይህን ሁሉ ለማስቀረት ከሚያስፈልገው ነገር መካከል የመጀመሪያው በክንድ ላይ የሚጠመጠም አንዲት መለኪያና ጥቂት ደቂቃ ነው።

በመሆኑም በመቱ፣ በጎሬ፣ በቡሬ፣ በሁሩሙና በያዮ ዙሪያ፣ እንዲሁም ከዚያ ራቅ ባሉት ቀበሌዎች የሚገኙ የገበሬ ማኅበራት መሪዎች በሚቀጥለው ስብሰባቸው ይህን ጉዳይ ከማዳበሪያው፣ ከመንገዱና ከቡናው ጥራት ጎን አጀንዳ አድርገው ሊይዙት ይገባል። የሚወሰነውም ሦስት ነገር ይሁን፦ በቀበሌው ያለ ስኳር እንዳለበት የታወቀ ሰው ሁሉ ግፊቱ የሚለካበት ቀን፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት መድኃኒት የሚደርስበት መንገድ፤ በለቀማ ጊዜ ቀጠሮ ያለበትን የሚተካ ደቦ። ከስብሰባው ሲወጡም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በር ላይ መለኪያዋን ይዛ ብትጠብቅ ሥራው በዚያው ቀን ተጀመረ ማለት ነው።